የኩላሊት ናሙና ምን ይለያል? ከደሴና ከኮምቦልቻ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ጥያቄዎቹ ሁሉ ስለ ኔፍሮቲክ ሲንድረም ናቸው፦ በአዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ከ3.5 ግራም በላይ ፕሮቲን በሽንት ይወጣል፣ የደም አልቡሚን ይወርዳል፣ ሰውነት ያብጣል። ይህ የብዙ በሽታዎች የጋራ መልክ ነው። ከጀርባው ያለውን በሽታ የሚለየው ብዙውን ጊዜ ናሙና (በመርፌ ከኩላሊት የሚወሰድ ቁራጭ) ነው።

የ5 ዓመት ልጄ ጠዋት ዓይኑ አብጦ ይነሳል፣ የሽንት ፕሮቲኑም 3 ፕላስ ነው። ናሙና ሳይወስዱ መድኃኒት ጀመሩለት። ልክ ነው? (እናት፣ ሰኞ ገበያ)

አብሽሪ እህቴ፣ ልክ ነው። በዚህ ዕድሜ አብዛኛው ሚኒማል ቼንጅ የሚባለው (በተራ ማይክሮስኮፕ ኩላሊቱ ጤናማ የሚመስልበት) ዓይነት ነው፤ ፕሬድኒሶሎን ለሚባለው ስቴሮይድም እሺ ይላል። መጠኑ በቀን 60 ሚሊግራም በካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት ሆኖ ከ60 ሚሊግራም አያልፍም። ይህ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይሰጥና ቀስ እያለ ይቀነሳል። ሽንቱን በየማለዳው በዳይፕስቲክ (በሽንት መመርመሪያ ወረቀት) እያየሽ መዝግቢ፤ 3 ቀን በተከታታይ ኔጋቲቭ ወይም ትሬስ ከሆነ መድኃኒቱ ሠርቷል ማለት ነው። ስለተሻለው ብለሽ በራስሽ እንዳታቋርጪ። ትኩሳትና የሆድ ሕመም ከመጣበት ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰጂው፤ እነዚህ ልጆች የሆድ ዕቃ ሽፋን ኢንፌክሽን ቶሎ ይይዛቸዋል።

ናሙና የሚያስፈልገው መድኃኒቱ እምቢ ካለ፣ ሕፃኑ ዓመት ካልሞላው፣ ሽንቱ በዓይን የሚታይ ደም ካለው ወይም በደሙ ውስጥ ሲ3 (ኮምፕሊመንት ከሚባሉት የመከላከያ ፕሮቲኖች አንዱ) ዝቅ ካለ ነው።

የ34 ዓመት ታካሚ ለስቴሮይድ እምቢ አለ። ሪፖርቱ ደግሞ «ግሎሜሩለሶቹ ጤናማ ናቸው» ይላል። ሚኒማል ቼንጅ ብለን እንዝጋው? (ጠቅላላ ሐኪም፣ ደሴ)

መጀመሪያ ስንት ግሎሜሩለስ (ደም የሚያጣራ ጥቃቅን የደም ሥር ቋጠሮ) እንደታየ ይቁጠሩ። ኤፍኤስጂኤስ (ግሎሜሩለስን የሚያጠብስ በሽታ) የሚነካው ጥቂቶቹን ብቻ ነው፤ በእነሱም ላይ ከፊላቸውን። ከ10 አንዱ ብቻ የታመመበት ኩላሊት ውስጥ 10 ግሎሜሩለስ ቢወሰድ፣ አንድም የታመመ ሳይገኝ የመቅረቱ ዕድል 35 በመቶ ገደማ ነው። 20 ቢገኝ ወደ 12 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ 6 ወይም 7 ብቻ ታይቶ «ጤናማ» የተባለ ሪፖርት እኔን አያሳምነኝም።

ሁለተኛው ጥልቀት ነው። በሽታው የሚጀምረው ከኮርቴክስና ከሜዱላ (ከኩላሊቱ ላይኛና ውስጠኛ ክፍል) ድንበር አጠገብ ካሉት ነው፤ መርፌው ከላይኛው ክፍል ብቻ ከወሰደ ያልፋቸዋል። ፓቶሎጂስቱን ተጨማሪ ተከታታይ ቁርጥ እንዲያይ ይጠይቁ። ግሎሜሩለሱ ደህና መስሎ በአጠገቡ ያሉት ቱቦዎች የሟሸሹበትና ጠባሳ የያዙበት ቦታ ካለ፣ ጠባሳው በቅርብ እንዳለ ይጠርጥሩ። በሌላ በኩል፣ አዋቂ ሰው «ስቴሮይድ እምቢ አለው» የሚባለው እስከ 16 ሳምንት ከተሞከረ በኋላ ነው፤ በ5ኛው ሳምንት ተስፋ የቆረጠ ሐኪም ብዙ ነው።

ናሙናውን በሙሉ ፎርማሊን ውስጥ ከተን ወደ አዲስ አበባ ላክን። «ኢሚውኖፍሎረሰንስ አልተሠራም» የሚል ሪፖርት መጣ። (ላቦራቶሪ፣ ኮምቦልቻ)

ከሁሉ በላይ የሚያስቆጨው ይህ ነው፤ ታካሚው ተወግቶ ግማሽ መልስ ያገኛል። ኢሚውኖፍሎረሰንስ በቁራጩ ላይ ያሉትን ፀረ እንግዳ አካላት በሚያበራ ቀለም ያሳያል፤ ፎርማሊን ግን ፕሮቲኖቹን አስሮ ይሸፍናቸዋል። በ16 ወይም በ18 ጌጅ መርፌ ቢያንስ ሁለት ክር ይወሰድ። ክሮቹን ሳላይን ባለው ስላይድ ላይ አድርጋችሁ በማይክሮስኮፕ በትንሹ ማጉያ እዩ፤ ግሎሜሩለሶቹ ክብ ቀያይ ነጥቦች ሆነው ይታያሉ። ከሌሉ የያዛችሁት ሜዱላ ወይም ስብ ነውና ሌላ ክር ይወሰድ። ካሉ ክፈሉት፦ ትልቁ ክፍል 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ፣ ለኢሚውኖፍሎረሰንስ የሚሆነው ሚሼል በሚባለው ፈሳሽ ውስጥ፣ ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ 1 ሚሊሜትር የምታክል ቁራጭ ግሉታራልዴሃይድ ውስጥ። የሚሼል ብልቃጥ ለጥቂት ቀን መንገድ ይችላል፤ በረዶ ግን አይሁን።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ፒንሴቱ ላይ ነው። ፎርማሊን የነካ ፒንሴት ለሚሼል የተለየውን ቁራጭ ከነካ ያበላሸዋል። ለኢሚውኖፍሎረሰንስ የሚሆነውን አስቀድማችሁ ለዩ፣ ወይም ሁለት ፒንሴት ያዙ። ክሩን ደረቅ ጎዝ ላይ አታሳርፉ፤ ይደርቃል፣ ሲነሳም ይጨፈለቃል።

ለአሁኑ ናሙና፣ የፓራፊን ብሎኩ በኢንዛይም ታክሞ ኢሚውኖፍሎረሰንስ ሊሠራበት ይችላል። ውጤቱ ከትኩሱ ይደክማል፤ በተለይ ሲ3 ሊጠፋ ይችላል።

«የካፒላሪ ግድግዳ ወፍሯል» ብቻ ቢባልስ? (የውስጥ ደዌ ሐኪም)

አይበቃም። በሲልቨር ማቅለሚያ ከግድግዳው ወደ ውጭ የወጡ እሾሆች ከታዩ ሜምብሬነስ የሚባለው በሽታ ነው፤ ኢሚውኖፍሎረሰንሱም በግድግዳው ዙሪያ የአይጂጂ (የፀረ እንግዳ አካል ዓይነት) እና የሲ3 ፍርፋሪ ያሳያል። ገና ሲጀምር ግን ግድግዳው ደህና ይመስላል፤ በተራ ማይክሮስኮፕ ብቻ ካያችሁት ሚኒማል ቼንጅ ትሉታላችሁ። በደም ፒኤልኤ2አር የሚባለውን የኩላሊት ፕሮቲን የሚያጠቃ ፀረ አካል ከተገኘና ኩላሊቱ በደንብ የሚሠራ ከሆነ ናሙናው ሊቀር ይችላል። ከሌለ ሄፓታይተስ ቢን፣ ቂጥኝን፣ ካንሰርንና መድኃኒትን አስቡ። አይጂጂ፣ አይጂኤ፣ አይጂኤም፣ ሲ3 እና ሲ1ኪው ሁሉም በኢሚውኖፍሎረሰንስ ካበሩ ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃበት በሽታ) ነው ብላችሁ ተነሱ።

ግድግዳው እንደ ባቡር ሐዲድ ድርብ መስመር ከሠራ ሜምብራኖፕሮሊፈራቲቭ የሚባለው ነው። ይህ የጉዳቱ መልክ ነው፤ ምክንያቱን ገና መፈለግ አለባችሁ፦ ሄፓታይተስ ሲ፣ ሉፐስ፣ ቢልሃርዚያ። በሐይቅ ዙሪያ ላደገ ሰው ሰገራ ማስመርመር አይረሳ። ሲ3 ብቻውን ካበራ ጥርጣሬው ወደ ኮምፕሊመንት በሽታ ይዞራል።

ሮዝ ቋጠሮዎች ታይተዋል። ስኳር ነው አሚሎይድ? (ሬዚደንት)

የስኳሩ ቋጠሮ ፓስና ሲልቨር በሚባሉት ማቅለሚያዎች በደንብ ይቀልማል፤ አሚሎይድ (የተዛባ ፕሮቲን ክምችት) ግን ፈዛዛ ነው። ኮንጎ ሬድ የሚባለውን ቀለም ቀብታችሁ በፖላራይዝድ ብርሃን እዩት፤ አረንጓዴ ካበራ አሚሎይድ ነው። ለዚህ ቁርጡ ከ8 እስከ 10 ማይክሮን ይሁን። በተለመደው 3 ማይክሮን ሠርቶ «ኔጋቲቭ» ማለት የተለመደ ስህተት ነው። አሚሎይድ ከተገኘ የቆየ ቲቢና የአጥንት ኢንፌክሽን ይፈለግ።

ኤችአይቪ ካለበትስ?

የሕክምና መጽሐፉ የሚያነሳው ኮላፕሲንግ ኤፍኤስጂኤስን (ግሎሜሩለሱ የሚኮማተርበትን ዓይነት) ነው። ይሁንና በ2011 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያውያን ላይ የወጣ ጥናት ይህን በሽታ አላገኘም፤ ለእሱ የሚያጋልጡት የኤፒኦኤል1 ጂን ዓይነቶችም አልታዩም። ስለዚህ ኤችአይቪ ስላለ ብቻ ሳትደመድሙ ናሙናውን አስነብቡ።

ደሴ ናሙና ሰጥቼ በዚያው ቀን ኮምቦልቻ ብመለስስ?

አይሆንም አባባ፣ ይደሩ። ከ6 እስከ 8 ሰዓት በጀርባዎ ይተኛሉ፣ ሽንትዎም ይታያል። ደም መፍሰስ ቢጀምር በመንገዱ ላይ ባለው የሐረጎ ጠመዝማዛ መሆን የለብዎትም። አስፒሪን የሚወስዱ ከሆነ ከ7 ቀን በፊት ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ግፊትዎም ከ140/90 በታች መውረድ አለበት። ሽንት ትንሽ ቢቀላ ያጋጥማል። የረጋ ደም፣ ከባድ የጎን ሕመም ወይም ማዞር ከመጣ ግን ወዲያው ይመለሱ። ለሁለት ሳምንት ከባድ ዕቃ አያንሱ።