አድራሻዋን ደግማችሁ ጠይቁ

ውድ ልጆቼ፣

ከጤና መረጃ፣ ከስታቲስቲክስ ወይም ከነርሲንግ ተመርቃችሁ የካንሰር ምዝገባ ላይ፣ ማለትም በአንድ አካባቢ በካንሰር የተያዙትን መዝግቦ የመቁጠር ሥራ ላይ፣ የምትመደቡ አላችሁ። "ካርድ ክፍል ወረወሩኝ" ብላችሁ እንደምትከፉ አውቃለሁ። እኔ ዕድሜዬን ጅማ ውስጥ ከካርድና ከመዝገብ ጋር ስታገል የኖርኩ ሰው ነኝ። ብዙ ምክር የለኝም። አንዱን ከያዛችሁልኝ ይበቃኛል፤ ታማሚዋ የት እንደምትኖር ደግማችሁ ጠይቁ።

ቀላል ይመስላል አይደል? ጅማ ለሕክምና የሚመጣው የከተማው ሰው ብቻ አይደለም። ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከቦንጋ፣ ከዳውሮ፣ ከበደሌ ይመጣል። ሕክምናው ስለሚረዝም ዘመድ ቤት ያርፋል። አድራሻ ሲጠየቅ ያረፈበትን ቀበሌ ይናገራል። ስልኩም የዘመድ ነው። በቃ፣ የዳውሮዋ ሴት መዝገባችሁ ላይ የጅማ ልጅ ሆነች።

ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። እናስላው። የካንሰር ምጣኔ ክፍልፋይ ነው። ላዕሉ በዓመቱ አዲስ በበሽታው የተያዙ የአካባቢው ነዋሪዎች ናቸው። ታህቱ የዚያው አካባቢ ሕዝብ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የጅማ ከተማ ሕዝብ 120,960 ነበር። በዚህ ቁጥር ሂዱና በዓመት 40 የውጭ ሰው የከተማ ነዋሪ ተብሎ ተመዘገበ እንበል። ከ100,000 ሰው 33 ጨመራችሁ ማለት ነው። ትንሽ እንዳይመስላችሁ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ለ2020 የገመተው የኢትዮጵያ አዲስ ታማሚ 77,000 ገደማ ነው። ለ115 ሚሊዮን ሕዝብ ስታካፍሉት ከ100,000 ሰው 67 ይመጣል። 40 የተሳሳተ አድራሻ ብቻውን የዚህን ግማሽ ያህላል! ከዚያ በኋላ "ጅማ በካንሰር አለቀች" የሚለውን ወሬ ማን ያቆመዋል? አንዱ በውሃው፣ ሌላው በዘይቱ፣ ሌላው በማዳበሪያው ያሳብባል።

የአድራሻ ነገር ወዲያ ማዶም አለ። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። የጅማ ሰው ሪፈር ተጽፎለት አዲስ አበባ ይሄድ ነበር። እዚያው ጥቁር አንበሳ በመስከረም 2004 ዓ.ም. የተጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ደግሞ የሚቆጥረው የአዲስ አበባን ነዋሪ ነው፤ ትክክልም ነው። ስለዚህ እዚህ ሳትመዘገብ የሄደች ሴት እውነተኛ አድራሻዋን ከተናገረች የትም አትቆጠርም። የእህቷን ቤት አድራሻ ከሰጠች ደግሞ አዲስ አበቤ ሆና ትቆጠራለች። የአገሪቱ ግምት በዋናነት የሚነሳው ከዚያ መዝገብ ስለሆነ ስህተቱ አብሮ ይጓዛል።

በነገራችን ላይ፣ አዲስ አበባ ጅማ አይደለችም። አርሲና ባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር እንደሚበዛ ሐኪሞች ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ይናገራሉ። የአንድ ከተማ መዝገብ ይህን ሊያሳይ አይችልም። ለዚህ ነው በየአካባቢው ያላችሁት እናንተ የምታስፈልጉት።

ዕድሜም ያስቸግራል። ሰው አርባ፣ ሃምሳ፣ ስልሳ ነው የሚላችሁ፤ አርባ ሦስት የሚል ብርቅ ነው። "እማማ፣ ደርግ ሲገባ አግብተው ነበር?" ብላችሁ ጀምሩ። የመጀመሪያ ልጃቸው በማን ጊዜ እንደተወለደ ጠይቁ። ዕድሜ ከተሳሳተ ማነጻጸር ገደል ይገባል። ዴንማርክ ካንሰርን ከ1942 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደ አገር ትመዘግባለች። ምጣኔዋ ከእኛ በጣም ይበልጣል። ግን እነሱ ጋ ሽማግሌ ይበዛል፣ እኛ ጋ ልጅ ይበዛል፤ ካንሰር ደግሞ ከዕድሜ ጋር የሚጨምር በሽታ ነው። ምጣኔውን በዕድሜ ሳያስተካክል የሁለት አገር ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚለጥፍ ሰው ካያችሁ አትከተሉት። ቁጥሩ ከአምናው ሲጨምርም ቶሎ አትደንግጡ። የፓቶሎጂ (የሰውነት ናሙና ምርመራ) አገልግሎት ሲሻሻል ድሮ ሳይታወቅ ይቀር የነበረው መታወቅ ይጀምራል።

ስምስ? ፋጡማ፣ ፋጢማ፣ ፋጡማህ። ከድር፣ ቀድር። ያቺው ሴት በፓቶሎጂው መዝገብ አንድ ጊዜ፣ በተኝቶ ታካሚው አንድ ጊዜ፣ በኬሞው (በካንሰር መድኃኒት መስጫው) አንድ ጊዜ ትገኛለች። የአያት ስም ያዙ። ኮምፒውተሩ "ተመሳሳይ ሊሆን ይችላል" ሲላችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ ካርዷን አስወጡና እዩ።

ምስጢር መጠበቅን ለናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ጅማ ትንሽ ከተማ ናት፣ ቡና ደግሞ በየቤቱ ይፈላል።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ 14 ዓመት የሞላቸው ሴት ልጆች የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት መውሰድ ጀመሩ። በሽታው ደግሞ በአብዛኛው የሚመጣው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ክትባቱ እዚህ አገር ምን ያህል እንደሠራ የሚታወቀው እናንተ ወደ ጡረታ ስትጠጉ ይሆናል። ያኔ የሚነጻጸርበት ቁጥር ዛሬ የምትሞሉት ፎርም ላይ ያለው ነው።

የመጨረሻው ሞት ነው። ሕክምና አቋርጦ የጠፋ ሰው ብዙ ነው፤ ግማሹ ቤቱ አርፏል። የሞት ምዝገባ በሕግ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በቀበሌ ይካሄዳል፤ ግን ሁሉም ቤተሰብ አያስመዘግብም። እድር ግን ይመዘግባል፤ ገንዘብ የሚከፍልበት ነውና። የእድሩን ጸሐፊ ተዋወቁ፣ ቀኑን ጠይቁ። ስለ በሽታው አታውሩ፤ የሞተበት ቀን ብቻ ይበቃችኋል። ለቤተሰቡ ስልክ ስትደውሉ ደግሞ በለቅሶው ሳምንት አይሁን።