አክርማው ይቆይ፣ ሱፉ ይግባ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ልጄ በስልኳ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች፣ አቦርጅናል የሚባሉት ሴቶች ከሣር የሠሩትን መኪና አሳየችኝ። አሁን እሷም የአያቷን ወስፌ ይዛ በአለላ ፈንታ በሱፍ ክር እንስሳ መስፋት ጀምራለች። እማዬ "ሙያ አበላሸች" ብላ ተቆጣች። እኔ መሃል ላይ ቀረሁ። ምን ይሉኛል?
እናት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እህቴ፣ መኪናዋን አውቃታለሁ። ቶዮታ ናት። በምዕራብ አውስትራሊያ በረሃ የብላክስቶን መንደር ሴቶች በእውነተኛ መኪና ልክ ሠርተዋት፣ በ2005 እ.ኤ.አ. በአገራቸው ትልቁን የነባር ሕዝቦች የሥነ ጥበብ ሽልማት አግኝታለች። ጃንፒ የሚባለው የሴቶቹ ስብስብ የተጀመረው በ1995 እ.ኤ.አ. በቅርጫት ሥልጠና ነው። ሣሩን ራሳቸው ከበረሃው ይለቅማሉ። መጠምጠሚያው ግን ራፊያ የሚባል የዘንባባ ቅጠል ክር ነው፣ የሱፍ ክርም ይገባበታል። ኢሙ የምትባለውን ትልቅ ወፍ ላባ እንኳ ይሰኩበታል። ሱፍ ስለገባ ሙያው አልጠፋም።

አሰፋፉ ከእኛው ጋር ይገናኛል። የሣር እስር ይዘሽ፣ እየጠመጠምሽ፣ ያለፈውን ዙር እየወጋሽ ትሄጃለሽ። በሰሜን አውስትራሊያ፣ አርነም ላንድ በሚባለው አካባቢ፣ ፓንዳነስ የሚባል ጠርዙ እሾህ የሆነ ቅጠል አለ። ሴቶቹ እሾሁን ገፈው፣ ቅጠሉን በጥፍራቸው ሰንጥቀው ያደርቁታል። ከዚያ ከዕፅዋት ሥር ጋር ቀቅለው ያቀልሙታል፤ አመድ ሲጨምሩበት ቀለሙ ይለወጣል። አለላ ስታቀልም ያደገች የደሴ ሴት ይሄ ሥራ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚፈልግ አይጠፋትም።

እናትሽ የተቆጡት በሱፉ አይመስለኝም። አሁን አሁን ገበያ ላይ ውስጡም ውጪውም ፕላስቲክ የሆነ መሶብ እናያለን። እሱን እኔም አልወደውም፣ እንጀራውን ያልበዋል። ስለዚህ አስታርቂያቸው፤ ውስጡ የአክርማ ሣር ይሁን፣ ላዩን ልጅቷ እንደወደደች ታድርገው።

አንድ ነገር ግን ያስቸግራታል። ስንደዶ፣ ያ ተቀልሞ አለላ የሚሆነው ሣር፣ ጫፉ ስለሚቆም ወስፌው በበሳው ቀዳዳ ራሱ ይገባል። ሱፍ ይተኛል። ዓይኑ ሰፊ የሆነ የጆንያ መርፌ ግዢላት። ሱፍ ስለሚለጠጥም በየጥምጥሙ ጠበቅ ታድርግ፤ ካላላች እንስሳው እግሩ አይቆምም። አክርማውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ትያዘው፣ ከደረቀ ይሰበራል።

የአውስትራሊያዎቹን እንስሳ ግን አትቅዳ። የእነሱ የአገራቸው ነው። ቦርከና ዳር የምታያትን ወፍ ትስፋ፣ የጎረቤት በግ ትስፋ። መስከረም ሲጠባም ከአያቷ ጋር ስንደዶ ለቀማ ላኪያት። የትኛው ለጋ፣ የትኛው ያለፈበት እንደሆነ እሳቸው ያሳይዋት፤ እሱን ስልኩ አያሳያትም።