«ተልኳል» ይላል፣ ኢንቦክሴ ግን ባዶ ነው

ጥያቄው ባጭሩ፦ «የእንግዳ ማረፊያችን ድረ ገጽ በፒኤችፒ የተሠራ ነው። ደንበኛ ፎርሙን ሞልቶ ሲልክ ‹መልእክትዎ ተልኳል› ይለዋል። ጂሜይሌ ላይ ግን ምንም የለም፤ ስፓም ውስጥ እንኳ። የሠራልኝ ልጅ ስልክ አያነሳም። ሜይል የሚባለውን ፈንክሽን ትቼ በሌላ መንገድ መላክ እችላለሁ?»

ትችላለህ ወንድሜ። ግን «ስፓም ውስጥ እንኳ» ስትል አንድ ነገር ጠረጠርኩ። ኮድህን ክፈትና «ፍሮም» (ላኪ) የሚለውን መስመር እይ። ደንበኛው የሞላው ኢሜይል እዚያ ከገባ በሽታው እሱ ነው። ከነጻ ቴምፕሌት የተቀዳ ፎርም አብዛኛው እንዲህ ነው፤ ሰለቸኝ። የያሁ አድራሻ ለጥፎ ከአንተ ሰርቨር የወጣን ኢሜይል ጂሜይል ከበር ይመልሰዋል። ፍሮም ላይ የራስህን ዶሜይን አድራሻ አድርግ። የደንበኛው «ሪፕላይ ቱ» (መልስ የሚላክበት አድራሻ) ላይ ይግባ።

ታዲያ ለምን «ተልኳል» አለ? ሜይል ፈንክሽን ደብዳቤህን ለግቢው ዘበኛ ሰጥቶ ይመለሳል። ዘበኛው «እሺ» ካለ ለእሱ ሥራው አለቀ። ዘበኛው ፖስታ ቤት ይሂድ፣ ኪሱ ውስጥ ይርሳው፣ ከመስኮቱ ይባረር፣ ማንም አይነግርህም። ኤስኤምቲፒ፣ ማለትም ከሜይል ሰርቨሩ ጋር በቀጥታ ተነጋግሮ መላክ፣ ግን ራስህ መስኮቱ ጋ መቆም ነው። መታወቂያ ታሳያለህ፤ መልሱንም እዚያው ትሰማለህ። 250 ካለህ ተቀብሎሃል። 535 ካለህ የይለፍ ቃልህን አልወደደውም። 550 ካለህ ደብዳቤውን አልቀበልም ማለቱ ነው። ይህን ቁጥር የማያይ ሰው በጨለማ መርፌ ይፈልጋል።

ስለዚህ በኤስኤምቲፒ የሚልክልህን ፒኤችፒሜይለር የተባለ ዝግጁ ኮድ በኮምፖዘር (የፒኤችፒ ኮድ መጫኛ) ጫን። ፖርት (የግንኙነት በር) 587 ከስታርትቲኤልኤስ ጋር፣ ወይም 465 ከኤስኤስኤል ጋር፤ ሁለቱም ግንኙነቱን መመስጠሪያ ናቸው። ካደባለቅካቸው ገጹ ተንጠልጥሎ ይቀራል ወይም ስህተት ያወጣል። ዲበጉን (ከሰርቨሩ ጋር የተደረገውን ንግግር የሚያሳየውን) 2 ላይ አድርገህ ሞክር፤ ሲሠራ ወደ 0 መልሰው። በጂሜይል የምትልክ ከሆነ የተለመደው የይለፍ ቃልህ አይሠራም። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን አብራና ባለ 16 ፊደል የአፕ ፓስዎርድ (ለፕሮግራም ብቻ የሚሰጥ የይለፍ ቃል) አውጣ። ያኔ ፍሮምም ያው የጂሜይል አድራሻህ ይሁን።

የይለፍ ቃሉን ፐብሊክ ኤችቲኤምኤል (ከኢንተርኔት የሚደረስበት ፎልደር) ውስጥ እንዳታስቀምጥ! ከእሱ ውጭ ባለ ፋይል ይሁን።

የሰርተፍኬት (የሰርቨሩ መታወቂያ) ስህተት ከመጣ የሰርተፍኬቱን ማረጋገጫ አታጥፋው። «ጠጋኞች» መጀመሪያ የሚያደርጉት ይህን ነው፤ ከዚያ በኋላ የይለፍ ቃልህን ለማን እንደምትሰጥ አታውቅም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ኮድህ ላይ የጻፍከው የሆስቱ (የሜይል ሰርቨሩ) ስም ሰርተፍኬቱ ላይ ካለው አለመግጠሙ ነው። ስሙን አስተካክል።

ዲኤንኤስ (የዶሜይንህ መዝገብ) ላይ ኤስፒኤፍ፣ ማለትም በዶሜይንህ ስም ማን መላክ እንደሚችል የሚናገረው መስመር፣ አንድ ብቻ ይኑር። ሁለት ካገኘህ አዋህዳቸው፤ ሁለት ሲሆኑ አንዱም አይሠራም።

ደግሜ ልበልህ፦ የይለፍ ቃሉ ከፐብሊክ ኤችቲኤምኤል ውጭ። ኮዱን ለእኔም ለሌላም ስትልክ መጀመሪያ የይለፍ ቃሉን ከውስጡ አጥፋ።

ይህን ሁሉ አድርገህ «ኮኔክሽን ታይምድ አውት» (ጠብቄ መልስ አላገኘሁም) ካለህ ኮዱን አትነካካ። ርካሽ ሆስቲንግ ፖርት መዝጋት ይወዳል። ደውልና «587 ወደ ውጭ ክፍት ነው?» በላቸው።