ለአለቃችሁ ደስ የማይለውንም አማራጭ ጻፉት

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ሁለት ወጣት የመንግሥት ባለሙያዎች አጠገቤ ለአለቆቻቸው ስለሚያዘጋጁት የውሳኔ ሐሳብ ያወራሉ። አንደኛዋ “አቦ፣ ብንጽፍ ባንጽፍ የሚወስኑት እነሱ ናቸው!” አለች። ንግግሯ ከጆሮዬ አልወጣም። ይህን የምጽፈው ለእሷም ለእናንተም ነው።

አዎ፣ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ሕዝብ ፊት የሚቆሙትም እነሱ ናቸው። ግን የሚወስኑት ፊታቸው ከተቀመጠው ወረቀት ተነሥተው ነው። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ አማራጭ ብዙ ጊዜ ስብሰባው ላይም አይነሣም። ወረቀቱን የምታዘጋጁት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

እኔ ከ30 ዓመት በላይ በመንግሥት ሥራ ቆይቻለሁ። ድሬም ሠርቻለሁ፣ ሌላ ቦታም። ገና በ30ዎቹ ዕድሜዬ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። የከተማውን ስም ልተወው፤ እንደ ድሬ ቆላ ነው። ጉሊት ቸርቻሪዎችን ከመንገድ ዳር አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ የማዛወር ጉዳይ ነበር። ኃላፊዬ እንዲነሡ እንደሚፈልግ አውቃለሁ። ስለዚህ አንድ አማራጭ ብቻ ያለው የውሳኔ ሐሳብ አዘጋጀሁ። ካርታው አማረ፣ ሠንጠረዡም አማረ። ቦታውን ያየሁት አንዴ ነው፤ ያውም በጠዋት፣ ከመኪና ሳልወርድ። ሐሳቡ ጸደቀ። እኔም ተመሰገንኩ።

ከሁለት ወር በኋላ ስሄድ አዲሱ ገበያ ግማሹ ባዶ ነው። ሴቶቹ ወደ መንገድ ዳር ተመልሰዋል። ፖሊስ ሲመጣ ዕቃቸውን በነጠላ ጠቅልለው ይሮጣሉ። አንዲት ቲማቲም የሚሸጡ እናት ቁጭ ብዬ ጠየቅኩ። አዲሱ ቦታ ጥላ የለውም፤ ቲማቲሙ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ይላሽቃል። የጋሪው ሒሳብ ደግሞ የቀኑን ትርፍ ይበላዋል። “ይህን የወሰነ ሰው እዚያ ሰባት ሰዓት ላይ ቆሞ ያውቃል ልጄ?” አሉኝ። የወሰነው ሰው አልቆመም። ቆሜ ልነግረው የሚገባኝ እኔ ነበርኩ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ቢሮ ውስጥ ግን ይነቅዛል። ያን ጊዜ የዘለልኩት አንድ አንቀጽ ነው፤ ዕዳውን የከፈሉት እነዚያ እናቶች ናቸው።

ስለዚህ አለቃችሁ የማይወደውንም አማራጭ ጻፉት። ጻፉት ስል አጣጥላችሁ፣ እንዲወድቅ አድርጋችሁ አይደለም። በሚገባው ክብር ጻፉት። “እንዳለ ይቀጥል” የሚለውም አማራጭ ነው፤ እሱም ወጪ አለው። ለእያንዳንዱ ስንት ብር፣ ከየትኛው በጀት፣ ማን ይጠቀማል፣ ማን ይጎዳል የሚለው ይግባ። ከዚያ እናንተ የቱን እንደምትደግፉና ለምን እንደሆነ በግልጽ አስቀምጡ። ሦስት አማራጭ ደርድሮ “እንደ ክቡርነትዎ ፈቃድ” ማለት ምክር አይደለም። ደግሞ ከፊት አንድ ገጽ ማጠቃለያ ይኑረው። ብዙ አጀንዳ ያለበት ሰው 40 ገጽ አያነብም፤ ዋናው ቁም ነገር 37ኛው ገጽ ላይ ከተደበቀ እንዳልተጻፈ ነው።

ጊዜን የሚመለከተውን ድሬን አቋርጦ ከሚያልፈው ከደቻቱ ወንዝ ተማሩ። አሸዋው አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ላይ ግን ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ በሌሊት ወርዶ፣ ሰው በተኛበት ከ200 በላይ ነፍስ ወሰደ። ይህን የድሬ ልጅ ሁሉ ከወላጆቹ ሰምቷል። እኔ የምጨምረው የቢሮውን ነገር ነው። የበጀት ዓመታችን የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ክረምቱም ያኔ ነው የሚገባው። ስለ ጎርፍ መከላከያ ሰኔ ላይ የሚመጣ ወረቀት፣ ምንም ያህል እውነት ቢሆን፣ ለዚያ ክረምት አይደርስም። በጀት ሳይዘጋ በፊት፣ አሸዋው ደረቅ ሆኖ ማንም ስለ ጎርፍ ሳያስብ ነው መቅረብ ያለበት። ያኔ ማቅረብ ደስ አይልም። “አሁን ምን አመጣው?” ትባላላችሁ። አቅርቡት።

በ1996 የወጣውን የድሬዳዋ ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 416ንም አንብቡት። የከንቲባው፣ የካቢኔውና የምክር ቤቱ ሥልጣን የት ጋ እንደሚለይ ሳያውቁ ማማከር አይቻልም። ገንዘብ ነክ ከሆነ የፋይናንስ ባለሙያዎችን፣ ሕግ ነክ ከሆነ የፍትሕ ባለሙያዎችን አስቀድማችሁ አማክሩ። ካቢኔ ፊት “እኛ አልተጠየቅንም” ሲባል የሚያፍረው ኃላፊያችሁ ነው።

ልዩነት ካላችሁ ከስብሰባው በፊት፣ ለብቻው፣ በአክብሮት ንገሩት። “ይቻላል፣ ግን ይህን ያስከትላል” በሉት። ሰው ፊት አታስደንግጡት። ረቂቁን ፎቶ አንሥቶ ቴሌግራም ላይ መልቀቅ ጀግንነት የሚመስላችሁ ካላችሁ ተውት። ከዚያ በኋላ አለቃ የሚያምነው ባለሙያ አያገኝም፤ ብቻውን ይወስናል። ሕግ የሚጥስ ትእዛዝ ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንቀጹን ጠቅሳችሁ አስረዱ፤ “በጽሑፍ ይሁንልኝ” በሉ፤ ማስታወሻችሁን ፋይሉ ውስጥ አስገቡ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊም እንዲጠየቅ ያዛል። ፋይሉ ባዶ ከሆነ ማን በምን ይጠየቃል?

የገበያውን ጉዳይ እንደገና ጻፍኩት። በዚህኛው ሦስት ቀን፣ ሰባት ሰዓት ላይ እዚያው ቆሜያለሁ። የመጀመሪያው ወረቀት ምን እንደጎደለው ጭምር አስገባሁ። እኔ የደገፍኩት ሴቶቹ እስከ ቀትር በድሮው ቦታ እንዲሸጡ ነበር። የተመረጠው ግን አዲሱ ቦታ ላይ ጥላ ይሠራ የሚለው ሆነ። የማስፈጸሚያ ደብዳቤውን ያንኑ ማታ አረቀቅሁት፤ የቆርቆሮውን ብዛት፣ የምሰሶውን ቁመት ሳይቀር። መጨረሻው ላይ ጥላው እስኪቆም ሴቶቹ የት እንደሚሸጡ አንድ መስመር ጨመርኩ። ኃላፊው አነበበው፤ ቀና ብሎ አየኝና ፈረመ።