ኢንኮኔል ሲበየድ ለምን ይሰነጠቃል?

ጥያቄ፦ ገላን ባለ ወርክሾፕ በያጅ ነኝ። ለተማሪዎች የሮኬት ሞተር ሙከራ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ኢንኮኔል 718 (ኒኬል የበዛበት፣ ሙቀት የሚችል ቅይጥ ብረት) በአርጎን እየበየድን ነው። ስቴንለስ አያስቸግረንም፤ ይሄ ግን ብየዳው ሲያልቅ ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል፣ ጀርባውም ይጠቁራል። ምን እናድርግ? ስንጥቁንስ ያለ ኤክስሬይ በምን እንፈትሽ?

መልስ፦ ከእጅዎ በፊት ጠረጴዛዎን ይመልከቱ። ኒኬል የበዛበት ብረት ድኝና እርሳስ አይችልም። ከግራሶ፣ ከመቁረጫ ዘይት ወይም ከማርከር ቀለም ትንሽ ከቀረበት ሲሞቅ ወደ ውስጥ ገብቶ ተሰባሪ ያደርገዋል። ከመጋጠሚያው ግራና ቀኝ 25 ሚሊሜትር ያህል በአሴቶን ይጥረጉ፤ ከዚያ ብረቱ እስኪያበራ ላዩን የሸፈነውን የኦክሳይድ ቅርፊት በግራይንደር ያንሱ። ቅደም ተከተሉ አይገልበጥ፤ ቅባቱ ሳይነሳ ከፋቁት ብረቱ ላይ ያሹታል። ቅርፊቱም መነሳት አለበት፦ ብረቱ በ1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲቀልጥ፣ የኒኬል ኦክሳይድ ግን ወደ 2,000 ዲግሪ ካልተጠጋ አይቀልጥም። ጥቁር ብረት የነካ ዲስክና የሽቦ ብሩሽ አያስጠጉበት። በርና መስኮት በሚሠራበት ቤት ውስጥ ከሆኑ በሸራ የተከለለ ጥግ ያብጁለት።

የቀለጠ ኢንኮኔል እንደ ረጋ ማር ነው፤ እንደ ስቴንለስ አይፈስም። ብዙ በያጅ ይሄን ሲያይ አምፔር ይጨምራል፤ ትልቁ ስህተት እሱ ነው። ሙቀቱ ሲበዛ ቅይጡ ውስጥ ያለው ኒዮቢየም የተባለ ብረት መጨረሻ በሚረጋው ፈሳሽ ውስጥ ይጠራቀምና ብረቱ ሲኮማተር እዚያው ይሰነጠቃል። ከ60 እስከ 80 አምፔር ይጀምሩ፣ አርኩን ያሳጥሩ፣ የ718 ሽቦ ይጠቀሙ። ቀጣዩን ዙር ብረቱ ከ100 ዲግሪ በታች ሳይወርድ አይጀምሩ።

ጫፍ ላይ የሚያዩት ስንጥቅ ፔዳሉን በድንገት ከመልቀቅ ይመጣል። ቀርበው ቢያዩት ብየዳው ያለቀበት ጉድጓድ መሃል ኮከብ የመሰለ ነው። አምፔሩን ቀስ በቀስ እያወረዱ ጉድጓዱን በሽቦ ይሙሉት፤ አርጎኑ 15 ሰከንድ ያህል እስኪፈስበት ቶርቹን አያንሱ።

ጀርባው የሚጠቁረው አየር ስለሚያገኘው ነው። ቧንቧ ከሆነ ጫፎቹን ደፍነው አርጎን ያስገቡ። አርጎን ከአየር ስለሚከብድ መግቢያው ከታች፣ መውጫው ከላይ ይሁን። መውጫው ከጠበበ ግፊቱ የቀለጠውን ብረት ወደ ውጭ ይገፋዋል።

ለፍተሻ የማግኔት ዱቄት አይሆንም፤ ኢንኮኔልን ማግኔት አይስበውም። ቀዩን ፔኔትራንት (ስንጥቅ ውስጥ የሚሰርግ ቀለም) ቀብተው ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይተዉት፣ በማጽጃ በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉት። ማጽጃውን በቀጥታ አይርጩ፤ ስንጥቁ ውስጥ የገባውን ቀለም ያጥበዋል። ቀለሙን ከስንጥቁ ስቦ የሚያወጣውን ነጩን ዲቨሎፐር ነፍተው ከ10 ደቂቃ በኋላ ቀይ መስመር ካዩ እስከ ሥሩ ፍቀው ይበይዱት። ይህ ዘዴ የሚያሳየው እላይ የተከፈተውን ስንጥቅ ብቻ ስለሆነ፣ በተመሳሳይ ቅንብር የተበየደ ናሙና ቆርጠው፣ ሲታጠፍ ይሰነጠቅ እንደሆነ ይዩ።

ማጠንከሪያው ሙቀት ከብየዳ በኋላ ነው፦ በ718 ዲግሪ 8 ሰዓት፣ ከዚያ በሰዓት 55 ዲግሪ እያወረዱ እስከ 621፣ እዚያው ላይ ቀሪውን ሰዓት ያቆዩት፣ በድምሩ 18 ሰዓት። መብራት ሲጠፋ የሚተካ ጀነሬተር በሌለው እቶን አያስጀምሩት። ከእቶን ሲወጣ ፔኔትራንቱን ይድገሙት። የግፊት ፍተሻውን በውሃ ያድርጉ፤ የታመቀ አየር የያዘ ዕቃ ከፈነዳ ስብርባሪው ሰው ይገድላል።