ዋና ከተማውን ካወቃችሁ በኋላ

ውድ ልጆቼ፣

የጥያቄና መልስ ውድድር የምትወዱ፣ የዓለምን ባንዲራዎች ከነቀለማቸው ለይታችሁ የምታውቁ፣ የአገሮችን ዋና ከተሞች ሳታቋርጡ የምትወርዱ ብዙዎች እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩና እንደ እናንተ ያሉ ልጆችን ለውድድር አዘጋጅቻለሁ። ሲያሸንፉም አብሬያቸው ጨፍሬያለሁ። በቃል መያዝን የሚንቅ ሰው አይደለሁም፤ ስሙን የማያውቁትን አገር ማሰብ አይቻልም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። መልሱን ከመለሳችሁ በኋላ አትነሡ፤ «ግን ለምን እንዲህ ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የደቡብ አፍሪካን ዋና ከተማ ሲጠየቅ ጎበዝ ተማሪ «ሦስት ናቸው፤ ፕሪቶሪያ፣ ኬፕታውንና ብሎምፎንቴን» ይላል። ሙሉ ነጥብ ያገኛል። አንድ አገር ሦስት ዋና ከተማ ምን ያደርግለታል? እንግሊዞችና ቦኤሮች (ከኔዘርላንድ የመጡ ሰፋሪዎች ዘሮች) እ.ኤ.አ. ከ1899 እስከ 1902 ክፉኛ ተዋግተው ነበር። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1910 አራቱ ግዛቶች በአንድ ኅብረት ሲጠቃለሉ መንግሥቱ የት ይቀመጥ የሚለው ጉዳይ አከራከረ። በመጨረሻ አስፈጻሚው ፕሪቶሪያ፣ ፓርላማው ኬፕታውን፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ብሎምፎንቴን እንዲሆን ተስማሙ፤ አራተኛዋ ግዛት ናታል ደግሞ በገንዘብ ተካሰች። በዚህ ድርድር የአገሩ አብዛኛው ሕዝብ፣ ጥቁሩ፣ ድምፅ አልነበረውም። እንግዲህ ሦስቱ ስሞች ሁለት የነጭ ወገኖች በሌላው ሰው አገር ላይ ያደረጉት የክፍፍል ውል ናቸው። ይህን የተረዳ ልጅ ከዚያ በኋላ ስለ አፓርታይድ ሲያነብ መሠረቱ ከየት እንደተጣለ ያውቃል።

የአውስትራሊያዋ ካንቤራም የክርክር ልጅ ናት። ሲድኒና ሜልቦርን አንዳቸው ለሌላው እሺ ስላላሉ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ ፓርላማው ከሜልቦርን ተነሥቶ ወደ ካንቤራ የገባው በ1927 ነው። ዋና ከተማው ከትልቁ ከተማ የተለየበት አገር ባገኛችሁ ቁጥር ከኋላው ታሪክ አለና ፈልጉት።

ስለ ካርታም አንድ ነገር ልበላችሁ። ብዙዎቻችን ያደግንበት የግድግዳ ካርታ ወደ ዋልታዎቹ የተጠጋውን ምድር እየለጠጠ፣ በምድር ወገብ አካባቢ ያለውን ትንሽ አድርጎ ያሳያል። በእሱ ላይ ግሪንላንድ አፍሪካን የምታህል ትመስላለች። እውነቱ ግን አፍሪካ 14 ጊዜ ያህል ትበልጣታለች፤ ዴሞክራቲክ ኮንጎ ብቻዋን ከግሪንላንድ ትሰፋለች። ክብ የሆነ ምድር በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ሲዘረጋ አንድ ነገር መዛባቱ አይቀርም፤ ያ ካርታ የተሠራው ለመርከበኞች ስለነበር አቅጣጫን ጠብቆ ስፋትን ለቀቀ። ስለዚህ አገር ከአገር ስታነጻጽሩ የቆዳ ስፋቱን በቁጥር እዩ፤ ዓይናችሁን ብቻ አትመኑ። ሉል የማግኘት ዕድል ካላችሁ ደግሞ ከሁሉም እሱ ይሻላል።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልግባ። አንድን አገር እንዴት እንደምታጠኑት በአንድ ምሳሌ ባሳያችሁ ይሻላል፤ ምሳሌዬ አርመንያ ናት። የመረጥኳት ትንሽ ስለሆነች፣ ደግሞም ብዙ ሰው ሳያውቅ በሰፈራችን ስለምትገኝ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አርመን ሰፈር የሚባለውን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሰባራ ባቡር የተባለው ሰፈርም ስሙን ያገኘው ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለ አርመናዊ ለዳግማዊ ምኒልክ ካስመጣው የመንገድ መዳመጫ ሞተር ነው። በ1924 ደግሞ ራስ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌም በአርመን ገዳም ውስጥ የሙዚቃ ጓድ ያላቸውን ወላጅ አልባ ወጣቶች አይተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። አርባ ልጆች የምንላቸው እነሱ ናቸው። መሪያቸው የነበረው ኬቮርክ ናልባንዲያን «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ»ን በዜማ የደረሰ ሰው ነው። አያቶቻችሁ ተማሪ ቤት ተሰልፈው የዘመሩት መዝሙር!

እዚህ ላይ «ለምን?» በሉ። አርባ ልጆች ባንድ ጊዜ ወላጅ አልባ የሚሆኑት እንዴት ነው? መልሱ ወደ 1915 ይወስዳችኋል። በኦቶማን (የቱርክ) መንግሥት ሥር የነበሩ አርመኖች በጅምላ የተገደሉበትና የተረፉት በሶርያ በረሃ የተነዱበት ዘመን ነው። እነዚያ ልጆች ከዚያ እልቂት የተረፉ ነበሩ። አንድ የሰልፍ መዝሙር ተነሥታችሁ አንድ ሕዝብ የደረሰበት ታላቅ መከራ ላይ ትደርሳላችሁ ማለት ነው።

ቀጥሎ ካርታውን ዘርጉ። ከዋና ከተማዋ ከየሬቫን ቀና ሲሉ በረዶ የለበሰው የአራራት ተራራ ፊት ለፊት ይታያል፤ 5,137 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከራስ ዳሽን ከ500 ሜትር በላይ ይበልጣል። የኖኅ መርከብ ዐረፈችበት ከተባለው ስም ጋር የተያያዘው ይህ ተራራ በአርመንያ መንግሥት ዓርማ ላይ ተስሏል። ተራራው ያለው ግን ቱርክ ውስጥ ነው። በ1921 በካርስ ስምምነት ወሰኑ ሲሠመር ከአራክስ ወንዝ ማዶ ቀረ። በየቀኑ የሚያዩት፣ ልጆቻቸውን በስሙ የሚጠሩበት፣ ድንበሩን በቀጥታ ተሻግረው ግን የማይረግጡት ተራራ ነው፤ ምክንያቱም ቱርክ ድንበሩን በ1993፣ አርመኖችና አዘርባጃን በተዋጉበት በካራባኽ ጦርነት ጊዜ፣ ዘግታዋለች። በምሥራቅ ከአዘርባጃን ጋር ያለውም እንደዚሁ ተዘግቶ ነው የኖረው። የቀራቸው መውጫ በሰሜን ጆርጂያ፣ በደቡብ ኢራን ነው። ዕቃቸው በጆርጂያ ወደቦች፣ በፖቲና በባቱሚ በኩል ይገባል። ጅቡቲን የምናውቅ እኛ ይህን ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገንም፤ ያውም 1993 ኤርትራ ነጻነቷን አውጃ ኢትዮጵያ ወደብ አልባ የሆነችበት ዓመት ነው። ባሕር የሌለውን አገር ሁሉ ስታጠኑ «ዕቃው በየት በኩል ይገባል?» የሚለውን ጥያቄ አስቀድሙ። ብዙው ፖለቲካ እዚያ ነው ያለው።

ወደ እምነቱ ስትመጡ ደግሞ ከአርመን ቤተ ክርስቲያን ጋር የኬልቄዶንን ጉባኤ ካልተቀበሉት አብያተ ክርስቲያናት ወገን መሆናችንን ታገኛላችሁ። በስንክሳር «ጎርጎርዮስ ዘአርማንያ» እየተባለ የሚነበበው ቅዱስ አርመንን ወደ ክርስትና የመለሰው ነው። በ1965 የእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ነበር።

ምግቡንም አትርሱ። ላቫሽ የሚባለው ስስ ቂጣቸው የሚጋገረው መሬት ውስጥ በተቀበረ የሸክላ ምድጃ ነው። አንዷ ሴት ሊጡን በመዳመጫ ታሳሳለች፤ ሌላዋ ሞላላ ትራስ ላይ ወጥራ ከጋለው የምድጃ ግድግዳ ላይ ትለጥፈዋለች። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ይወጣል። ደርቆ ተደራርቦ ለወራት ይቀመጣል፤ ሊበላ ሲል ውኃ ይረጩበታል። ለከባድ ክረምት የተዘጋጀ ምግብ ነው፤ የአገሩን ብርድ ያላወቀ ሰው ቂጣው ለምን እንደሚደርቅ አይገባውም። ዩኔስኮ ላቫሽን በ2014 በአርመንያ ስም ሲመዘግብ ጎረቤቶቿ «የእኛም ነው» አሉ፤ በ2016 ኢራን፣ ቱርክ፣ አዘርባጃን፣ ካዛክስታንና ኪርጊስታን በጋራ ስስ ቂጣቸውን አስመዘገቡ። ድንበር የተዘጋባቸው ሕዝቦች አንድ ዓይነት እንጀራ ይበላሉ። ስለ አገሮች ባህል ስታነቡ «ይህ የእነ እገሌ ብቻ ነው» የሚል ወሬ ከገጠማችሁ እስኪጣራ ድረስ አትቸኩሉ።

መጽሐፍ የለኝም የምትሉ ልጆች አትዘኑ። የጎረቤቴ ልጅ ለዓመታት ቤሩት ሠርታ የተመለሰች ናት። አንድ ቀን ቡና ላይ ስለ አርመኖች ሳወራ «ጋሼ፣ እኔ እኮ እሑድ እሑድ የምውለው ቡርጅ ሐሙድ ነበር» አለችኝ። ቡርጅ ሐሙድ ከእልቂቱ የተረፉ አርመኖች የመሠረቱት የቤሩት ሰፈር ነው። የሱቅ ጽሑፉ በአርመን ፊደል እንደሆነ፣ ቅመም የጠጣበት የደረቀ ሥጋ ከጣሪያ ተንጠልጥሎ እንደሚሸጥ፣ ወርቅ ሠሪዎቹ እንዴት እንደሚከራከሩ፣ ሐበሾች ለገበያና ለጸጉር ሥራ እዚያ እንደሚገናኙ እየዘረዘረች ነገረችኝ። በሰፈሩ አዲስ ማራሽ፣ አዲስ አዳና፣ አዲስ ሲስ የሚባሉ መንደሮች አሉ፤ ሰዎቹ የተባረሩባቸው ከተሞች ስሞች ናቸው። እኔ ከመጽሐፍ ያወቅሁትን እሷ በእግሯ ሄዳበታለች። ማንም ግን «ምን አየሽ?» ብሎ ጠይቋት አያውቅም ነበር፤ ይህ ያሳዝነኛል። በየቤታችሁ ከቤሩት፣ ከጅዳ፣ ከዱባይ፣ ከካርቱም የተመለሱ እህቶች፣ አክስቶችና ወንድሞች አሉ። ስለ ደመወዛቸው ብቻ አትጠይቋቸው። የሚበላው ምን ነበር፣ ጎረቤቱ ከየት የመጣ ነው፣ በዓሉ እንዴት ይከበራል፣ ውኃው ከየት ይመጣል በሏቸው። የምትሰሙትን በደብተር ያዙ፤ በኋላ ከካርታና ከመጽሐፍ ጋር አስተያዩት። አንዳንዱ አይገጥምም፤ የማይገጥመውን ማጣራት ራሱ ትምህርት ነው።

በዓመት ሃያ አገር ከምትሸመድዱ ሁለት ወይም ሦስት አገር እንዲህ ብትመረምሩ እመርጣለሁ። ለመጪው ክረምት ጋምቢያን ልስጣችሁ። አትላሱን ስትከፍቱ በአንድ ወንዝ ግራና ቀኝ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋ፣ ሰፊው ቦታ ላይ እንኳ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነ አገር ታያላችሁ፤ ከአትላንቲክ ዳርቻው በቀር ዙሪያው ሁሉ ሴኔጋል ነው። ወንዙን እንግሊዝ፣ ዙሪያውን ፈረንሳይ ይዘውት ነበር፤ በ1889 ተስማምተው ወሰን አሠመሩ። ዎሎፍ፣ ማንዲንካና ፉላ የሚናገረው ሕዝብ ከወዲህም ከወዲያም አንድ ሆኖ ሳለ በአንዱ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ፣ በሌላው ፈረንሳይኛ ይማራል። ሁለቱ አገሮች በ1982 ሴኔጋምቢያ የሚባል ኮንፌዴሬሽን መሥርተው በ1989 አፈረሱት። ለምን እንዳልዘለቀ እናንተ ፈልጉ። ከዚያ ካዛማንስ የተባለውን የደቡብ ሴኔጋል ክፍል በካርታው ላይ አግኙና ከዳካር በመኪና ለመድረስ በየት በኩል እንደሚያልፉ በጣታችሁ ተከተሉ። በጋምቢያ ወንዝ ላይ ፋራፌኒ አጠገብ ድልድይ የተከፈተው በ2019 ነው፤ ከዚያ በፊት በዚያ መንገድ የሚያልፍ መኪና የሚሻገረው በጀልባ ነበር። ድልድዩ ለነጋዴው፣ ለታማሚው፣ ለተማሪው ምን እንደቀየረ አንብባችሁ በራሳችሁ ቃል አንድ ገጽ ጻፉ፤ ለታናናሾቻችሁም አንብቡላቸው።

ጋሼ መምህራችሁ