ሰነዱን ከማንበባችሁ በፊት ቀኑን እዩ

ዓለም አቀፍ ግንኙነት ለምታጠኑ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን በሙሉ ከዲፕሎማሲ ሰነድ ጋር ነው የኖርኩት። አንድ ነገር ልምከራችሁ። ሰነድ እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ የወጣበትን ቀን እዩ። ከዚያ በዚያ ሰሞን ሌላ ምን እንደተፈጠረ ፈልጉ።

የአውሮፓ ህብረትን የእስያ ፖሊሲ በዚህ መንገድ እንየው። ህብረቱ ለረጅም ጊዜ ቻይናን ያያት የነበረው በዋናነት በገበያ ዓይን ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2019 ግን በአንድ ሰነድ ላይ አጋር፣ ተፎካካሪና የሥርዓት ባላንጣ ብሎ ጠራት። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ! በ2020 የመጨረሻ ቀናት ደግሞ ከቤጂንግ ጋር በኢንቨስትመንት ስምምነት ተግባባ። ሦስት ወር ሳይሞላ በቻይናዋ ሺንጃንግ ግዛት በሚኖሩ የኡይጉር ሙስሊሞች አያያዝ ጉዳይ ማዕቀብ ተጣጣሉ፤ ስምምነቱም እዚያው ቀረ።

አሁን ሴፕቴምበር 2021 ላይ ቆም በሉ። በ16ኛው ቀን ህብረቱ የህንድና የፓስፊክ ውቅያኖሶችን አካባቢ የሚመለከተውን የኢንዶ-ፓስፊክ ስትራቴጂውን ይፋ አደረገ። ከአንድ ቀን በፊት አሜሪካ፣ እንግሊዝና አውስትራሊያ ኦከስ የተባለውን የጸጥታ ጥምረት አውጀዋል። በዚህም የተነሳ አውስትራሊያ ከፈረንሳይ ሰርጓጅ መርከብ ለመግዛት የገባችውን ውል ሰረዘች። የያኔው የህብረቱ የውጭ ጉዳይ ኃላፊ ጆሴፕ ቦሬል ቀድሞ የነገረን የለም አሉ። ፈረንሳይ ከዋሽንግተንም ከካንቤራም አምባሳደሮቿን ጠራች። ስትራቴጂውን ብቻ ያነበበ ተማሪ ይህን ሁሉ አያገኘውም።

በሰነዱ ቋንቋ መለሳለስም ቶሎ አትፍረዱ። 27 አገሮች በውጭ ጉዳይ የሚወስኑት በአብዛኛው በሙሉ ስምምነት ነው። ጀርመን ቻይና ውስጥ መኪና ትሸጣለች። ፈረንሳይ ሬዩኒየንንና ኒው ካሌዶንያን የመሰሉ ግዛቶች እዚያው ሁለቱ ውቅያኖሶች ላይ አሏት። ሊትዌኒያ ደግሞ በታይዋን ጉዳይ ከቤጂንግ ጋር ክፉኛ ተጋጭታለች። እነዚህን ሁሉ የሚያስማማ ቃል ማግኘት ከባድ ሥራ ነው፤ እኔ አከብረዋለሁ።

አንድ ነገር ግን በጣም ያሳስበኛል። ስትራቴጂው ኢንዶ-ፓስፊክ የሚለው አካባቢ የሚጀምረው ከአፍሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። ከኛው ሰፈር ማለት ነው። የህብረቱ የጦር መርከቦች ከ2008 ጀምሮ በሶማሊያ ባሕር አሉ። በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ ሁቲ የተባሉት የየመን ታጣቂዎች በመርከቦች ላይ በሚያደርሱት ጥቃት ምክንያት ቀይ ባሕር ላይ አስፒደስ የተባለ ሌላ ተልዕኮ ተጀምሯል። የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለቸገራችሁ፣ ይኸውላችሁ። ብራስልስ ተቀምጦ የብራስልስን ሰነድ የሚተነትን ሞልቷል። ከጅቡቲ ወደብ ሆኖ የሚያነበው ግን እምብዛም አላየሁም።